ከከሰል ወደ ዘይት፤ የ4014 ቍጥር ሎኮሞቲቭ እድሳት ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ነገር አንዲት አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፥ ማለት ጋሪዎቹን የምትጎትተው መኪና፥ 60 ዓመት ያህል እሳት ሳይነድባት ከኖረች በኋላ እንዴት እንደ ታደሰችና በእድሳቱም ጊዜ ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት እንዴት እንደ ተለወጠች ነው። መኪናዪቱ የዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የአሜሪካ ምድር ባቡር ኩባንያ ንብረት ስትሆን ቍጥሯ 4014 ነው። ስለ እርሷ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ግዝፈቷን የሚያደንቅ ነው። እሳቷ ስለ መለወጡ የሚሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንደኛው ወገን «ዘይት ካቃጠለች ያችው መኪና አይደለችም» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን «ለሥራ ምቾት የተደረገ ትንሽ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ከታሪኩ ጋራ የሚስማሙ አይመስለኝም፤ ለመጻፍም የተነሣሁት ስለዚሁ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ባቡር» የሚለው ቃል በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ ወደ እኛ የደረሰ፥ ሥሩ ግን እንፋሎት የሚል የፈረንሳይ ቃል መሆኑን የቋንቋ ሰዎች ይናገራሉ። አባቶቻችን በሐዲድ የሚሄደውንም እህል የሚፈጨውንም መኪና ባንድ ስም ባቡር ብለውታል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣት የመንገድ መኪናም በሕዝቡ ዘንድ የምትታወቀው «የሰርኪስ ባቡር» ተብላ ነው። በገጠር የወፍጮው ሞተር በናፍጣ እየተነሣ እንኳ ሰው ባቡር ማለቱን አልተወም። እንግዲህ ቃሉ የሚናገረው ስለ እንፋሎቱ ነው፤ ከውኃው በታች የሚነደው እንጨት ይሁን ከሰል ይሁን ዘይት አይጠይቅም። የምድር ባቡር ታሪክ ጸሐፊ ግን ይህን ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም፤ ምክንያቱም የእሳቱ ዓይነት የመኪናዪቱን ቅርጽ፥ የሠራተኛውን ድካምና የኩባንያውን ሒሳብ የሚወስን ነውና።

ዩኒየን ፓሲፊክ በ1869 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን ሐዲዱን ከሴንትራል ፓሲፊክ ሐዲድ ጋራ በዩታ ግዛት ፕሮሞንቶሪ ላይ ያጋጠመ ኩባንያ ነው። በዚህም ያሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ባንድ መንገድ ተያያዘ። ይሁን እንጂ ከኦግደን ወደ ምሥራቅ የሚወጣው የዋሳች ተራራ መንገድ በየ100 ሜትሩ 1.14 ሜትር ከፍ የሚል ስለ ሆነ ከባድ የዕቃ ባቡር ያለ ረዳት ሎኮሞቲቭ ሊወጣው አይችልም ነበር። ረዳት ማያያዝና መፍታት ጊዜና ሠራተኛ ይፈጃል። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ኦቶ ጃበልማን የሚመራው የኩባንያው የመሐንዲሶች ክፍል 3,600 ያሜሪካ ቶን የሚመዝን ባቡር ብቻዋን ይዛ የምትወጣ መኪና ነደፈ። ኒው ዮርክ ግዛት ስኬነክታዲ ላይ ያለው ያሜሪካን ሎኮሞቲቭ ኩባንያ በ1941 ዓ.ም. 20፥ በ1944 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሠርቶ አስረከበ። ቍጥራቸው ከ4000 እስከ 4024 ነው። አንድ ስሙ ያልታወቀ የፋብሪካው ሠራተኛ ከመጀመሪያዪቱ ፊት ላይ በጠመኔ «ቢግ ቦይ» ብሎ ጻፈባት፤ ትልቁ ልጅ እንደ ማለት ነው። ኩባንያው ሌላ ስም አስቦ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ሆኖም የጸናው የጠመኔው ስም ነው።

መጠኗን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ቍጥሮች ይበቃሉ። ከቴንደሯ፥ ማለት ውኃና ከሰል ከሚጫንበት የኋላ ጋሪዋ ጋራ ርዝመቷ 40 ሜትር ያህል፥ ክብደቷ 540 ቶን ያህል ነው። ከአንድ ቦይለር በታች እያንዳንዱ 8 መንኰራኵር የሚያሽከረክር ሁለት የተለያየ ሞተር አላት፤ የፊተኛው በጠማማ መንገድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መታጠፍ ይችላል። የእያንዳንዱ ነጂ መንኰራኵር ስፋት 1.73 ሜትር ሲሆን የቦይለሩ ግፊት በአንድ ኢንች ካሬ 300 ፓውንድ ነው። ኩባንያው እርሷን ለማዞር በኦግደንና በግሪን ሪቨር ያሉትን የሎኮሞቲቭ ማዞሪያ መድረኮች ወደ 135 ጫማ ማስረዘም ግድ ሆኖበታል።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ይህች መኪና ከሰል አቃጣይ ሆና የተሠራችው በአጋጣሚ አይደለም። ዩኒየን ፓሲፊክ በዋዮሚንግ ግዛት ሮክ ስፕሪንግስና ሃና በተባሉ ቦታዎች የራሱ የከሰል ማዕድን ነበረው፤ ባቡሮቹም የሚያልፉት በማዕድኑ ደጃፍ ነበር። ይሁን እንጂ የዋዮሚንግ ከሰል ምርጥ ከሚባለው ወገን አይደለም፤ ከፔንሲልቬንያው ከሰል ጋራ ሲመዛዘን በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ያነሰ ነው። ሙቀቱ ያነሰ ከሰል ብዙ መንደድ አለበት፤ ብዙ ከሰል እንዲነድም ሰፊ ምድጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ 6 ሜትር ያህል ርዝመትና 2.4 ሜትር ያህል ወርድ ያለው የእሳት ሣጥን ሠሩላት፤ ከሰሉ የሚነድበት ፍርግርግ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ በብዙ ቤት የሰው መኝታ ክፍል ስፋት ነው። እንዲህ ያለውን ምድጃ አንድ እሳት አንዳጅ በአካፋ ሊመግበው አይችልም። በእንፋሎት የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ከሰሉን ከቴንደሩ እየገፋ ያመጣዋል፥ የእንፋሎት ትንፋሽም በፍርግርጉ ላይ ይበትነዋል። የአንዳጁ ሥራ እሳቱ የሳሳበትን ስፍራ በዓይኑ እየለየ ብትኑን ወደዚያ ማቅናት ነበር። ቴንደሩ 28 ያሜሪካ ቶን ከሰልና 90,000 ሊትር ያህል ውኃ ይይዝ ነበር።

እንግዲህ የእሳት ሣጥኑ ስፋት የዋዮሚንግ ከሰል መልክ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ ዘይት ሲገባ ችግሩ ሁሉ የተነሣው ከዚሁ ስፋት ነውና።

ዘይትን በሎኮሞቲቭ ማቃጠል በ1946 ዓ.ም. አዲስ ነገር አልነበረም። በ1880ዎቹ ዓመታት በደቡብ ሩስያ በግራዚና በጻሪጺን መካከል በሚሄደው ምድር ባቡር የሎኮሞቲቭ ክፍል አለቃ የነበረው ቶማስ ኡርኵሃርት፥ የባኩ ጋዝ ላምባ ከተነጠረ በኋላ የሚተርፈውን ዝቃጭ ማገዶ አደረገው። በእንግሊዝ አገር የግሬት ኢስተርን ባቡር መሐንዲስ ጄምስ ሆልደን ለጋሪዎች መብራት የሚሆን ጋዝ ሲሠራ የሚተርፈውን ጥቁር ዝቃጭ በሎኮሞቲቭ ማቃጠል ጀመረ፤ በ1893 ዓ.ም. የተሠራችውም መኪና «ፔትሮሊያ» ተባለች። በካሊፎርኒያ የሚሠራው ሳውዘርን ፓሲፊክ ደግሞ ባገሩ ከሰል ስለሌለና ዘይት ስለ ተገኘ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ዘይት ዞረ። ይህ ኩባንያ የነጂውን ክፍል ከቦይለሩ ኋላ ወደ ፊት አምጥቶ በዋሻ ውስጥ ሠራተኞቹ በጢስ እንዳይታፈኑ አድርጓል፤ ይህም የተቻለው ዘይት በቧንቧ ስለሚሄድ ብቻ ነው፤ ከሰልን እስከዚያ ድረስ መግፋት አይታሰብም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የብሪታንያ መንግሥት በከሰል እጥረት ተጨንቆ 1,217 ሎኮሞቲቮች ወደ ዘይት እንዲለወጡ አዘዘ፤ ግን ዘይቱን የሚገዛበት የውጭ ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ሳይፈጸም ተተወ። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው ነገር አለ። በየትም አገር እሳትን የለወጠው የማዕድን፥ የዋጋና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ መሐንዲሱ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ለሎኮሞቲቭ የሚሆነው ዘይት ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ሲበርድ እንደ ማር ይረጋል። ስለዚህ በቴንደሩ ጋን ውስጥ እንፋሎት የሚያልፍበት ቧንቧ ተዘርግቶ እንዲሞቅና እንዲፈስ ይደረጋል። በእሳት ሣጥኑ ውስጥ ፍርግርጉ ይነሣና እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ ገበታ ይገባል። ማቃጠያው ዘይቱን በቀጭን አፍ ሲያወጣው ከበታቹ የሚተነፍሰው እንፋሎት መትቶ እንደ ጉም ይበትነዋል፤ ጉሙም በጋለው ጡብ ላይ ሲያልፍ ይነዳል። መኪናዪቱ ፈጽማ ከቀዘቀዘች የመጀመሪያውን እንፋሎት ከሌላ ቦይለር መበደር ያስፈልጋታል፤ እሳት ለማንደድ እንፋሎት ይፈለጋል፥ እንፋሎት ለማግኘትም እሳት። አንዳጁ አሁን አካፋም ጠመዝማዛም የለውም፤ በእጁ ያለው የዘይቱ፥ የእንፋሎቱና የአየሩ መቈጣጠሪያ ነው። ነጂው መኪናዪቱን ባፈጠነ ወይም ባዘገየ ቍጥር እርሱም ወዲያው መከተል አለበት፤ ካልተከተለ ወይ ጥቁር ጢስ ይወጣል ወይ እሳቱ ይጠፋል። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚጋገረውን ጥላሸት ለማጽዳትም ባቡሩ እየሄደ ሳለ አሸዋ በእሳት ሣጥኑ በር ይበትናል፤ የሚጠባው አየር አሸዋውን በቱቦዎቹ ውስጥ እየገፋ ጥላሸቱን ይፍቀዋል፥ ከጢስ ማውጫውም ከሰል እንኳ የማያወጣው ጥቁር ደመና ይወጣል። ዘይት ንጹሕና ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሥራ ቢያዩት መልካም ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ወደሚቀረው ነገር እመጣለሁ። በ1946 ዓ.ም. ዩኒየን ፓሲፊክ ከቢግ ቦዮቹ አንዷን፥ ቍጥር 4005ን፥ ወደ ዘይት ለወጣት። ይህ ዓመት ያሜሪካ የከሰል ቈፋሪዎች ሥራ ያቆሙበትና መንግሥቱም ማዕድኖቹን በእጁ የወሰደበት ዓመት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ኩባንያው የራሱ ማዕድን ቢኖረውም በአንድ ማገዶ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ እንደ ሆነ ያየ ይመስለኛል። አነስተኛ በሆኑት ሎኮሞቲቮቹ ላይ ለውጡ ተሳክቶለት ነበር፤ በ1944 ዓ.ም. የተሠራችው 844 ቍጥር የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ በ1945 ዓ.ም. ወደ ዘይት ተለውጣለች፥ ቻሌንጀር የሚባሉት የቢግ ቦይ ታናናሾችም እንዲሁ። 4005 ግን አልሆነላትም። አንድ ብቻ የነበረው ማቃጠያ ያን ሁሉ የእሳት ሣጥን እኩል ሊያሞቀው አልቻለም። እኩል ያልሞቀ ብረት እኩል አይለጠጥም፤ አንዱ ወገን ሲሰፋ ሌላው ሲቀር የቦይለር መዘዝ ከዚያ ይጀምራል። ለዋዮሚንግ ከሰል ተብሎ የሰፋው ምድጃ ለዘይት ነበልባል እጅግ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ፍርግርጉ ተመልሶ ገባና 4005 እንደ እኅቶቿ ከሰል ማንደዷን ቀጠለች።

ይህ ሙከራ ባይሳካም ለክርክራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። ቢግ ቦይ ዘይት ማቃጠሏ በእኛ ዘመን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ኩባንያው ራሱ መኪኖቹ ገና 5 ዓመት ያህል ዕድሜ ሳላቸው እንደ ሞከረው የረሱ ናቸው።

ቢግ ቦዮቹ በመጨረሻ የተሸነፉት በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። የሚሠሩበትም ስፍራ በኋለኞቹ ዓመታት ከዋሳች ወደ ሻየንና ወደ ላራሚ፥ ወደ ሸርማን ኮረብታ ተዛውሮ ነበር። የመጨረሻው የአገልግሎት ጕዞ በ1959 ዓ.ም. በጁላይ ወር ተደረገ። 4014 እስከዚያ ጊዜ 1,031,205 ማይል ሄዳ ነበር። ከ25ቱ 17ቱ ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ 8ቱ ለከተሞችና ለሙዚየሞች ተሰጡ። 4014 ለባቡር ታሪክ ማኅበር የደቡብ ካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ ተሰጥታ ከ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ፖሞና በተባለው ከተማ ቆመች። የካሊፎርኒያ አየር ደረቅ መሆኑና የማኅበሩ አባሎች በጥንቃቄ መያዛቸው ከዝገት አዳናት። በኋላ ለመታደስ የተመረጠችውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በረዶና ዝናብ ሲወርድባቸው ከኖሩት እኅቶቿ ይልቅ ብረቷ ደኅና ነበር። ስለ እድሳት ሲነገር የሚመሰገኑት የኋለኞቹ መሐንዲሶች ናቸው፤ 50 ዓመት ሙሉ ዘይት እየቀቡና እየወለወሉ የጠበቋት ሰዎች ድርሻ ግን ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

በጁላይ 2013 ዓ.ም. ኩባንያው መኪናዪቱን ከማኅበሩ መልሶ እንደሚወስድና እንደሚያድሳት አስታወቀ፤ በለውጡም ለማኅበሩ የናፍጣ ሎኮሞቲቭና ሌላ ዕቃ ሰጠ። መጀመሪያው ችግር ከቆመችበት ማውጣት ነበር። በእርሷና በዋናው መንገድ መካከል ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ እንጂ ሐዲድ የለም። ስለዚህ ተነቃይ ሐዲድ በአስፋልቱ ላይ እየተዘረጋ፥ ካለፈች በኋላ ከኋላዋ እየተነሣ ከፊቷ እየተነጠፈ፥ ጥቂት በጥቂት ተጎተተች። በጃኑዋሪ 2014 ዓ.ም. ኮልተን ደረሰች፤ ከዚያም በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተስባ በሜይ 8 ቀን ዋዮሚንግ ውስጥ ሻየን ከሚገኘው የኩባንያው የእንፋሎት ጋራዥ ገባች።

ሥራው ግን ወዲያው አልተጀመረም፤ የጋራዡ ሠራተኞች በቅድሚያ 844ን ማደስ ነበረባቸውና። እርሷ በ2016 ዓ.ም. ካለቀች በኋላ በኤድ ዲከንስ መሪነት የሚሠራው ቡድን 4014ን እስከ አጥንቷ ፈታት። የነጂው ክፍል ወረደ፥ ቱቦዎቹ ወጡ፥ መንኰራኵሮቹ ከሥሯ ተነሡ፥ ሁለቱ ሞተሮችም ከቦይለሩ ተለዩ። ስኬነክታዲ የነበረው ፋብሪካ ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ተዘጋ መለዋወጫ የሚገዛበት ስፍራ የለም፤ የጎደለው ሁሉ ከአሮጌው ሥዕል እየተነበበ እንደ ገና ተሠራ። አሮጌ መኪና የማደስ ችግር ይህ ነው። ብረቱን የሚያውቁት እጆች ብረቱ ሳይሞት ይሞታሉ፤ የቀረው ወረቀቱ ነው። በፌብሩዋሪ 2019 ዓ.ም. ቦይለሩ በውኃ ተሞልቶ ተፈተነ፤ በዚህ ዓይነት ፈተና የውኃው ግፊት ከሥራው ግፊት በሩብ ይበልጣል፥ ውኃም የሚመረጠው እንደ እንፋሎት የማይፈነዳ ስለ ሆነ ነው። በኤፕሪል እሳት ተለኰሰባት። በሜይ ወር የመጀመሪያ ቀናት በራሷ ኃይል ተንቀሳቀሰች፤ ጥቂት ቀን ቆይታም ከ844 ጋራ ተያይዛ ወደ ኦግደን ወረደች። በዚያም የምሥራቅና የምዕራቡ ሐዲድ የተገናኘበት 150ኛ ዓመት በዓል በሜይ 9 ቀን ተከበረ።

የተለኰሰው እሳት ግን የዘይት እሳት ነበር። ፍርግርጉ፥ ከሰል የሚገፋው ጠመዝማዛና የአመዱ ማጠራቀሚያ ወጥተዋል፤ በቴንደሩ ላይ የከሰሉን ስፍራ የዘይት ጋን ይዞታል። ምክንያቶቹን ላስረዳ። በመጀመሪያ፥ በእንፋሎት ዘመን በየጣቢያው የነበረው የከሰል መጫኛ ግንብ፥ የአመድ ጕድጓድና ያን ሁሉ የሚያገለግለው ሠራተኛ ዛሬ የለም። ዘይት ግን በቦቴ መኪና ወደ ተፈለገበት ጣቢያ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፥ ከሰል ፍንጣሪ ይተፋል፤ የምዕራብ አሜሪካ ሣር ደግሞ በበጋ እንደ ጭድ ነው። ሦስተኛ፥ የጋራዡ ሌላዪቱ መኪና 844 ዘይት አቃጣይ ስለ ሆነች አንድ ማገዶ ለሁለቱም ይበቃል። በተጨማሪም ኩባንያው ከዚህ በፊት የተማረው ነገር አለ፤ 3985 ቍጥር ቻሌንጀር በ1981 ዓ.ም. ታድሳ ስትወጣ ከሰል ታነድ ነበር፤ ከ9 ዓመት በኋላ በ1990 ዓ.ም. ወደ ዘይት ተለወጠች። ከሰሉን ሞክረው የተዉት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ በ1946 ዓ.ም. ያልሆነው በ2019 ዓ.ም. እንዴት ሆነ? ልምድ መጨመሩ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን በእኔ ግምት ሌላ ነው። 4005 የተፈተነችው በየቀኑ ሙሉ ጭነት ይዛ ተራራ እንድትወጣ ነበር፤ በዚህም ከከሰል አቃጣይ እኅቶቿ ያነሰች ሁሉ ለኩባንያው ኪሳራ ናት። 4014 ግን የምትስበው አብዛኛውን ጊዜ የመንገደኛ ጋሪዎች ነው፤ ለፍሬንና ለጥንቃቄ ተብሎም የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከኋላዋ ይታሰራል። ከቦይለሯ የሚጠየቀው የመጨረሻው ኃይሏ አይደለም። ይህን ስል ላቃልላት አይደለም፤ በ2023 ዓ.ም. በኔብራስካ ግዛት ብሌር አጠገብ የቆመ የዕቃ ባቡር ከኋላው ገፍታ አስነሥታለች፥ ኃይሉ እንዳለ መሆኑን ይህ ያሳያል። ነገር ግን የመሐንዲስነት ድል ነው እየተባለ የሚነገረው በከፊል የሥራው መለወጥ ነው። መኪናዪቱ ያው ሆና የተጠየቀችው ጥያቄ ቀለለ።

እንግዲህ «ያችው አይደለችም» የሚለውን ወገን ምን እንበለው? ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ከሰል የሚያነድ ሰው እጅግ ልዩ ዕውቀት ነበረው፤ የእሳቱን ውፍረት በቀለሙ ያውቀዋል፥ የከሰሉን ዓይነት ባመዱ ይለያል። ዛሬ በ4014 ላይ የሚሠራ ወጣት የሚማረው የዘይት አንዳጅነትን ነው፤ እርሱም ጥበብ ነው፥ ግን ሌላ ጥበብ ነው። ከሰልን በ14 ካሬ ሜትር ፍርግርግ ላይ ማስተዳደር በዓለም ላይ አሁን በሥራ የሚያውቀው ሰው የለም። ይህ ጕዳት ነው፥ ጕዳት አይደለም ማለት አይገባም።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ከእኛ ዘንድ ሩቅ አይደለም። የአስመራና የምጽዋ ምድር ባቡር በጦርነት ከፈረሰ በኋላ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ገና ሲሠራ፥ ጡረታ የወጡት አሮጌ ሠራተኞች ተጠርተው በ1938 ዓ.ም. በኢጣልያ የአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩትን ሎኮሞቲቮች አደሱ። እነዚህ ትንንሽ መኪኖች አናቶል ማሌ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1884 ዓ.ም. የፈጠረውን ሥርዐት የሚከተሉ፥ ማለት ባንድ ቦይለር ሥር ሁለት ሞተር ያላቸውና የፊተኛው የሚታጠፍ ናቸው፤ ቢግ ቦይም ብትሆን የዚሁ የማሌ ዘር ናት፥ ልዩነቱ እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ አለመጠቀሟ ነው። በአስመራ መኪኖቹ ከሰል ማንደዳቸውን አልተዉም። ግን ይህ የሆነው ከታሪክ አክብሮት የተነሣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያሮጌዎቹ ሰዎች እጅ የሚያውቀው እርሱን ነበር፥ ለለውጥ የሚወጣ ገንዘብም አልነበረም። በሻየን ገንዘቡ ነበረ፥ ከሰል የሚያውቀው ሰው ግን አልቋል። በአስመራ ሰዎቹ ነበሩ፥ ገንዘቡ አልነበረም። ሁለቱም በየበኩላቸው ያላቸውን ይዘው ባቡሩን አስነሡ።

የእኔ ፍርድ የሚያዘነብለው ወደ ሻየን ወገን ነው፤ ነገር ግን በአንድ ምክንያት ብቻ። ከ8ቱ ቢግ ቦዮች ሰባቱ የቀድሞ የእሳት ሣጥናቸውን እንደ ያዙ ቆመዋል። አንዲቱ ተለውጣ መሄዷ የሌሎቹን ምስክርነት አያጠፋም፤ እንዲያውም ሰው የሚሄደውን አይቶ የቆሙትን ለማየት ይመጣል። በዓለም ላይ የቀረችው 4014 ብቻ ብትሆን ኖሮ ፍርግርጉን አውጥቶ መጣል የጥንት ብራና ፍቆ ሌላ እንደ መጻፍ ነው ባልሁ ነበር። ስለዚህ «ማደስ ማለት ምንድን ነው» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደ ቀረ በመቍጠር ላይም የቆመ ነው። ይህን ቍጥር ሳይዙ የሚከራከሩ ሁለቱም ወገኖች ስለ አንዲት መኪና እንጂ ስለ ወገኗ አላሰቡም።

ደግሞም የዘይቱ እሳት ዘለዓለማዊ አይደለም። ባሜሪካ ሕግ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቦይለር 1,472 የሥራ ቀን ወይም 15 ዓመት ሲሞላው፥ ከሁለቱ የቀደመው በደረሰ ጊዜ፥ እንደ ገና ተፈትቶ መመርመር አለበት። በዚያን ጊዜ በጋራዡ የሚገኙት ሰዎች ስለ ማገዶው እንደ ገና መወሰን ይችላሉ።

እስከዚያው የከሰል ፍርግርግ ያላትን ቢግ ቦይ ማየት የሚፈልግ ሰው በኮሎራዶ ዴንቨር ወደሚገኘው ሙዚየም ቢሄድ ያገኛታል። በዚያ የቆመችው 4005 ናት። በ1953 ዓ.ም. በዋዮሚንግ ከሐዲድ ወጥታ ሠራተኞቿ የሞቱባት፥ ተጠግናም እንደ ገና የሠራች መኪና ናት፤ በእሳት ሣጥኗ ውስጥ ያለውም ፍርግርግ የዘይቱ ሙከራ ካልተሳካ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ተመልሶ የገባው ነው።